ሳይበላሹ የተጣሉ መሣሪያዎች፦ የድራይቨር ችግር ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤትና በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ጥግ፣ ሲሰኩ መብራታቸው የሚበራ፣ ሮለራቸው የሚዞር፣ ነገር ግን ዓመታት ሙሉ አንድ ገጽ ያላተሙ ፕሪንተሮችና አንድ ወረቀት ያላነበቡ ስካነሮች ተደርድረዋል። አካላቸው አልተሰበረም። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም ዊንዶውሱ በአዲስ ሲተካ ሁለቱን የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ ጠፋ፤ በዚያው መሣሪያው ከአገልግሎት ወጣ። ዕቃን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ፣ እየጠገነ ለረዥም ዘመን በሚገለገል እንደኛ ባለ አገር ይህ ኪሳራ ያስቆጫል።

ድራይቨር ሲጠፋ ወይም አልሠራ ሲል አብዛኞቻችን ነገሩን የዕለቱ እክል አድርገን እናየዋለን። ወደ ኋላ ተመልሶ ላየው ግን ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያሳየውም አንድ ነገር ነው፦ አምራቹ የመሣሪያውን ቋንቋ ለሁሉም ግልጽ ባደረገበት ጊዜ ሁሉ ችግሩ ቀልሏል፤ ቋንቋውን ለራሱ ብቻ በያዘበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ተባብሷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ምን ይሠራል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጥቅል ትእዛዝ ይሰጣል፦ «ይህን ገጽ አትም»፣ «ይህን ፋይል ጻፍ»። ፕሪንተሩ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የማተሚያ ጭንቅላቱን ስንት ነጥብ እንደሚያንቀሳቅስ፣ ወረቀቱን መቼ እንደሚስብ፣ ቀለሙን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግሩትን የቁጥር ቅደም ተከተሎች ነው። ድራይቨሩ ጥቅሉን ትእዛዝ ወደ እነዚህ ቁጥሮች ይለውጣል፤ «ወረቀት አልቋል» የሚለውንም መልስ ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። ስለዚህ ሁለት ወገን ማወቅ አለበት፦ መሣሪያውንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን። ከሁለቱ አንዱ ሲቀየር ድራይቨሩ አብሮ ካልተቀየረ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ይህን ሥራ የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ድራይቨሮች የሚሠሩት ከርነል በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት እሱ ብቻ ይዘጋል፤ ከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ቢሳሳት ግን ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊኑክስን ኮድ ፈትሸው በድራይቨሮች ውስጥ ያለው የስሕተት መጠን ከሌላው የከርነል ክፍል ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። እምብርቱን ብዙ ሰው ያየዋል፤ የአንድን ስካነር ድራይቨር ግን የሚያየው ያንን ስካነር የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ከአንድ ፕሪንተር የተነሣ ሙግት

የዚህ ታሪክ ወሳኝ ምዕራፍ የተጀመረው በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው ፕሮግራመር ቤተ ሙከራው ቀድሞ የነበረውን ፕሪንተር ሶፍትዌር ራሱ አሻሽሎ፣ ወረቀት ሲጣበቅ እየጠበቁ ላሉት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው መልእክት እንዲደርስ አድርጎ ነበር። ከዜሮክስ አዲስ የሌዘር ፕሪንተር ሲመጣም ይህንኑ ማድረግ ፈለገ። ሶርስ ኮዱ ግን አልተሰጠውም። ኮዱ አለው የተባለ ሌላ ተመራማሪ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅም፣ ሰውየው ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜአለሁ ብሎ ከለከለው።

በእጁ ያለውን መሣሪያ ማስተካከል እየቻለ መከልከሉ ስቶልማንን እጅግ አስቆጣው። በ1983 ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት የግኑን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ውስጥ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ከግኑ ሥራዎች ጋር ተጣምሮ ዛሬ የዓለምን ሰርቨሮች በብዛት የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ሆነ። ለዚህ ሁሉ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ አንድ ፕሪንተርና የተደበቀ ኮዱ ነበር።

እያንዳንዱ ፕሮግራም ከየራሱ ድራይቨር ጋር

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን በኦገስት 1981 ለገበያ አቀረበ። አብሮት የመጣው ዶስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ፕሪንተር የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 ኮንፊግ ሲስ በተባለ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር በመጻፍ ብቻ ተጨማሪ ድራይቨር መጫን እንዲቻል በር ከፈተ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። የኅትመቱ ሸክም ግን አሁንም በየፕሮግራሙ ትከሻ ላይ ነበር። ወርድፐርፌክት የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ለብዙ መቶ ፕሪንተሮች የየራሱን ድራይቨር ያዘጋጅ ነበር፤ ተወዳጅነቱም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ያው ሰው ሒሳብ መሥሪያ ፕሮግራም ሲከፍት ግን ፕሪንተሩን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ነበረበት።

የዚህን ዘመን አስቸጋሪነት በግዕዝ ፊደል ይጽፍ የነበረ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ ፕሪንተሮች የላቲን ፊደላትን ቅርጽ በውስጣቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ «ሀ» እና «ለ» ግን በውስጣቸው አልነበሩም። አማርኛ ለማተም እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ ሥዕል አድርጎ መላክ፣ ወይም ፕሪንተሩ የሚቀበል ከሆነ ቅርጾቹን አስቀድሞ መጫን ያስፈልግ ነበር። ይህም የሚደረገው በየፕሪንተሩ ዓይነት ነው። በ1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 እየተስፋፋ ሲሄድ ነገሩ ተለወጠ፤ አንድ ድራይቨር ለሁሉም ፕሮግራሞች ማገልገል ጀመረ፣ ገጹም እንደ ሥዕል ተዘጋጅቶ ሊላክ ቻለ። ፎንት እስከተሠራለት ድረስ የግዕዝ ፊደል በማንኛውም ፕሪንተር ላይ መታተም የቻለው ሥራው ከየፕሮግራሙ ወጥቶ የጋራ በሆነ ቦታ ስለተቀመጠ ነው።

የጃምፐር ዘመንና መሰካት ብቻ የሚበቃበት ተስፋ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ካርድ የገጠመ ሰው ሌላ ፈተና ነበረበት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች «ሥራ አለኝ» ብለው ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው መስመሮች ጥቂት ነበሩ፤ በመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ስምንት ብቻ። የድምፅ ካርዱና የፕሪንተሩ ወደብ ሁለቱም ቁጥር 7 መስመርን ከያዙ አንዱ ዝም ይላል። መፍትሔው ኬዙን ከፍቶ ካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ ማገናኛዎች በእጅ ማዛወር ነበር። የጠጋኙ ዕውቀት የትኛው ካርድ የትኛውን መስመር እንደያዘ በወረቀት ከመመዝገብ ይጀምር ነበር።

በኦገስት 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ይህን ሸክም ከሰው ላይ ለማንሣት ሞከረ። ካርዱ ማንነቱንና የሚፈልገውን ራሱ ይናገራል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም መስመሩን ያድላል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ገበያው ውስጥ ያሉት ካርዶች ግን ብዙዎቹ የድሮ ስለነበሩ መናገር አይችሉም ነበር። በጃንዋሪ 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤም፣ ኮምፓክ፣ ዴክ፣ ኤንኢሲና ኖርቴል አንድ ላይ ሆነው የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ አወጡ። በየዓይነቱ የነበሩትን ወደቦች በአንድ የሚተካ ነበር።

ዩኤስቢ ያመጣው ለውጥ ከመሰኪያው ቅርጽ ይልቃል። ማንኛውም የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ሁለት ቁጥሮችን እንዲናገር ይገደዳል፦ የአምራቹንና የምርቱን። ከዚህ ጋር የየትኛው ምድብ አባል እንደሆነ ይናገራል፤ ኪቦርድና ማውስ በአንድ ምድብ፣ ፕሪንተር በሌላ፣ ፍላሽና ውጫዊ ሀርድ ዲስክ በሌላ። በአንድ ምድብ ያሉ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ከተናገሩ ለእያንዳንዱ ሞዴል ድራይቨር መጻፍ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች ዊንዶውስ 98 ላይ የሚሠሩት አብሮ የሚመጣው ሲዲ ከተጫነ ነበር። ዊንዶውስ 2000 ለምድቡ የሚሆን አንድ ድራይቨር በውስጡ ይዞ መጣ። ዛሬ ፍላሽ የገዛ ሰው ድራይቨር የሚባል ነገር ትዝ አይለውም።

ጉዞው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኤፕሪል 1998 ቺካጎ ውስጥ በተካሄደ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ቢል ጌትስ መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ የሥራ ባልደረባው ስካነር በዩኤስቢ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ 98 በሕዝብ ፊት ሰማያዊውን የብልሽት ገጽ አሳየ። ስካነሩ ማንነቱን መናገሩ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ የሚቀበለው ኮድም መብሰል ነበረበት።

ርካሹ ፕሪንተርና ስድሳ አራቱ ቢት

በ1990ዎቹ አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ቀደም ያሉት የሌዘር ፕሪንተሮች በውስጣቸው ገጹን የሚያዘጋጅ ፕሮሰሰር ነበራቸው፤ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የተባሉትን ለሕዝብ የታወቁ ቋንቋዎችም ያነቡ ነበር። አዳዲሶቹ ርካሽ ፕሪንተሮች ይህን ክፍል ትተው ሥራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ላለው ድራይቨር አሸከሙት። ሞደሞችም እንዲሁ ሆኑ። ገዥው ሲገዛ ጥቂት ገንዘብ ተረፈው፤ የመሣሪያው ዕድሜ ግን ከአንድ ድራይቨር ዕድሜ ጋር ታሰረ። ኤችፒ በ1992 ያወጣው ሌዘርጄት 4 ፒሲኤል ስለሚያነብ፣ ቶነርና ሮለር እስከተገኘለት ድረስ ዛሬም በተራ የጋራ ድራይቨር ሊያትም ይችላል። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ስንትና ስንት ርካሽ ፕሪንተሮች ግን ድራይቨራቸው ሲቀር ቀርተዋል።

የእነዚህ ቁርጥ ቀን የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 መጀመሪያ ሲወጣና ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር ሲስፋፋ ነው። ባለ 64 ቢት ከርነል ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨርን ፈጽሞ አይቀበልም። ቪስታ በዚያ ላይ የግራፊክስና የድምፅ ድራይቨሮች የሚጻፉበትን መንገድ ለወጠ፤ በ64 ቢቱ ደግሞ ከርነል ውስጥ የሚገባ ድራይቨር በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ አስገደደ። የፊርማው ግዴታ ለደኅንነት ተገቢ ነበር። አምራቾች ግን አዲስ ዕቃ መሸጥ እየፈለጉ ለአሮጌው አዲስ ድራይቨር የሚጽፉበት ምክንያት አልታያቸውም። ቸኩለው የጻፉትም ብዙ ተሳሳቱ፦ በፍርድ ቤት ክርክር ሳቢያ ይፋ የሆነ የማይክሮሶፍት ሰነድ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ መውደቆች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከኒቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

ሊኑክስ የተከተለው መንገድ ለየት ያለ ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮቹ ከከርነሉ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ከርነሉን የሚለውጥ ሰው ለውጡ የሚነካቸውን ድራይቨሮች አብሮ የማስተካከል ኃላፊነት አለበት። ዊንዶውስ ላይ የተተዉ ብዙ ስካነሮች ሊኑክስ ላይ የሚሠሩት አምራቹ ዝም ቢል እንኳ ኮዱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስላለ ነው። አምራቹ ቋንቋውን ጨርሶ በደበቀበት ቦታ ግን ሊኑክስም ተቸግሯል፤ የዋይፋይና የግራፊክስ ካርዶች ለዓመታት ምስክር ነበሩ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ሲከፋ

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የጀመረው በዩኤስቢ ዶንግል ነው። ከእነዚህ ዶንግሎች ብዙዎቹ ሲሰኩ መጀመሪያ ሲዲ መስለው ይቀርባሉ፤ ድራይቨሩ በውስጣቸው ነው። ከተጫነ በኋላ ትእዛዝ ተቀብለው ወደ ሞደምነት ይቀየራሉ። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ኢንተርኔት ማስገኛውን ድራይቨር አብሮ ማምጣት የታሰበበት መላ ነበር። ዊንዶውሱ በአዲስ ሲተካና ድራይቨሩ ለአዲሱ አልሆን ሲል ግን ዶንግሉ ሲዲ እንደመሰለ ይቀራል፤ ባለቤቱም ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ይከፋል። ድራይቨር ለማውረድ ኔትዎርክ ያስፈልጋል፤ ኔትዎርኩ እንዲሠራ ደግሞ የዋይፋዩ ድራይቨር ያስፈልጋል። ከመሣሪያው ጋር የመጣው ሲዲ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ማንበቢያው የለም። ስለዚህ ጠጋኞች ሺህ ድራይቨሮችን በአንድ የያዘ ጥቅል በፍላሽ ይዘው ይዞራሉ። ችግር ቢፈቱም ብዙ ጊዜ ለመሣሪያው የማይስማማ ድራይቨር ይጭናሉ፣ አንዳንዶቹም ያልተፈለገ ፕሮግራም አብረው ያስገባሉ።

አስመስለው የተሠሩ ቺፖች ሌላው አደጋ ናቸው። በኦክቶበር 2014 የስኮትላንዱ ቺፕ አምራች ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት ያሠራጨው ድራይቨር፣ የኩባንያውን ቺፕ አስመስለው የተሠሩትን እየለየ የምርት ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ለወጠው። ትናንት ይሠሩ የነበሩ ኬብሎችና መሣሪያዎች በአንድ ሌሊት የማይታወቁ ሆኑ። ተቃውሞው ስለበረታ ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ወጣ። ቅጂውን የሠሩት አጥፍተዋል፤ ቅጣቱ ያረፈው ግን ገዝቶ በሚጠቀመው ምስኪን ላይ ነው።

ድራይቨር የማያስፈልግበት መንገድ

አፕል በ2010 ኤርፕሪንትን ሲያስተዋውቅ ስልክ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር በኔትዎርክ እንዲያትም አደረገ። መሠረቱ አይፒፒ የተባለ ማንም ሊያነበው የሚችል የኅትመት ደንብ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ፕሪንተሩ ይመልሳል፣ ገጹ በታወቀ ቅርጽ ይላካል። ሊኑክስም በዚሁ መንገድ ሄደ።

ማይክሮሶፍትን ወደዚህ ከገፉት ነገሮች አንዱ ትልቅ የደኅንነት ቀዳዳ ነው። በ2021 ክረምት ይፋ የሆነው ፕሪንትናይትሜር፣ አጥቂዎች የፕሪንተር ድራይቨር መጫኛውን መንገድ ተጠቅመው ኮምፒውተሩን እንዲቆጣጠሩ የሚያስችል ነበር። ቀዳዳውን ለመድፈን የወጡት ማሻሻያዎች በተራቸው በብዙ ቢሮዎች የጋራ ፕሪንተሮችን አቋረጡ፤ መጨረሻው 11ቢ የሆነው የስሕተት ቁጥር በየቢሮው የታየው ያኔ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ኩባንያው የሌሎች አምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨሮች በዊንዶውስ አፕዴት ማሠራጨቱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆምና በአይፒፒ ላይ እንደሚያተኩር አስታወቀ።

ለጠጋኙ የሚተርፈው ትምህርት

መሣሪያ አልገናኝ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። የመጨረሻው መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አይቶታል ወይ የሚለው ነው። ሲሰካ መሣሪያዎችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ አንዳች ለውጥ ከሌለ ጥፋቱ የድራይቨር ላይሆን ይችላል። ስልክ ከመሙላት በቀር ዳታ የማያሳልፉ ኬብሎች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው ከረንት እስከ 500 ሚሊአምፒር ብቻ ስለሆነ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ሊያንሰው ይችላል። ሌላ ኬብልና ሌላ ወደብ መሞከር ይቀድማል።

መሣሪያው ታይቶ ቢጫ ምልክት ካለበት የስሕተቱ ቁጥር ይነበብ። 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ 10 ተጭኖ መሣሪያው መነሣት አቃተው፤ 43 መሣሪያው ራሱ ችግር አለብኝ ብሎ ቆሟል፤ 52 ፊርማው አልተረጋገጠም። ቀጥሎ በዝርዝር ገጹ ላይ ካለው መለያ የአምራቹና የምርቱ ቁጥር ይገለበጥ። በእነዚህ ቁጥሮች መፈለግ በመልክና በሞዴል ስም ከመገመት ይሻላል፤ አንድ የሞዴል ስም የተለያየ ቺፕ ሊይዝ ይችላልና። ድራይቨሩም ከአምራቹ ወይም ከላፕቶፑ ሠሪ ገጽ፣ ለትክክለኛው የዊንዶውስ ዓይነትና ቢት ይወሰድ።

ትናንት ይሠራ የነበረ ዕቃ ከአፕዴት በኋላ ካቆመ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልስ ቁልፍ እዚያው አለ። የተሳሳተ ድራይቨር ከገባ መሣሪያውን ከዝርዝሩ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ሶፍትዌሩም አብሮ ይጥፋ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሥቶ አዲሱ ይጫን። ለዕቃው አዲስ ድራይቨር ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ሦስት መንገድ ይቀራል፦ ፕሪንተሩ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚያነብ ከሆነ የጋራ ድራይቨር መሞከር፣ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ ማየት፣ አለዚያም ከኢንተርኔት የተለየ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለዚያ ዕቃ ብቻ መመደብ። ግምጃ ቤት ካሉት ዕቃዎች ጥቂት የማይባሉት በእነዚህ መንገዶች ወደ ሥራ ሊመለሱ ይችላሉ።

ጠጋኝ ግን ግዢ ያበላሸውን ሁሉ ማቃናት አይችልም። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ የገጽ ፍጥነትና ዋጋ ብቻ ሳይሆን ፕሪንተሩ አይፒፒን፣ ፒሲኤልን ወይም ፖስትስክሪፕትን እንዲደግፍ፣ ስካነሩ ከሊኑክስ ጋር መሥራቱ እንዲረጋገጥ፣ አምራቹ ድራይቨሩን ለስንት ዓመት እንደሚያድስ በጽሑፍ እንዲገልጽ ሊጠይቁ ይገባል። ይህን መጠየቅ የአንድ አንቀጽ ሥራ ነው። የኮምፒውተር ጥገና የሚያስተምሩ ተቋማትም ተማሪው የመሣሪያውን ቁጥር አንብቦ ምክንያቱን መለየት ሳይችል ፎርማት ማድረግን ሊያስተምሩት አይገባም። ገዥው ለግልጽ ደንብ ቅድሚያ ከሰጠና ጠጋኙ ከግምት ይልቅ ማስረጃ ከተከተለ፣ በውድ የተገዛ ጤነኛ ዕቃ በአንድ ፋይል መጥፋት ምክንያት አይጣልም።